የጠባሴ ቀማሽ

አውቶቡሱ ራሱን ይነዳል፤ ምንተስኖት ደግሞ የሾፌሩ ወንበር ላይ ይቀመጣል። ሥራው ይኸው ነው። ነገር ግን ወንበሩ ባዶ ከሆነ የደብረ ብርሃን ሰው አይሳፈርም። የአውቶቡሱ ባለቤቶች ዓመት ሙሉ ለፍልፈው ሲያቅታቸው ሰው ቀጠሩ፣ ቀኝ እጁን የሚያሳርፍበት የፕላስቲክ ማርሽም ሠሩለት። ተሳፋሪው ሲገባ "እንደምን አደርክ ሾፌር?" ይላል፣ ምንተስኖትም ማርሹን ነካ ነካ ያደርጋል። ማርሹ ከምንም ጋር እንዳልተያያዘ ሁሉም ያውቃል፤ ሁሉም ግን ተረጋግቶ ይሄዳል።

አውቶቡሱ ከገበያው ተነሥቶ ጠባሴ ሲደርስ አደባባዩን ይዞራል። አደባባዩ መሀል ቅምሻ ቤቱ አለ፤ አራቱም ግድግዳ መስታወት ነው። ምንተስኖት ሚስቱን የሚያያት በዚያች ዙሪት ነው። ስትበላ ያያታል፣ ፀጉሯን ስትጎነጉን ያያታል፣ ወለሉን ስትጠርግ ያያታል። ቀስ በል ብሎ የሚለምነው ሰው የለም፤ አውቶቡሱ በተሰጠው ፍጥነት ዞሮ ይሄዳል። ብዙ ዓመት አንድ ጣሪያ ሥር ሲኖሩ እንዲህ ትክ ብሎ አይቷት አያውቅም ነበር። አሁን ከግራ ትከሻዋ በታች ቀሚሷ እንደ ሳሳ እንኳ ልብ ይላል፣ ቀኑን ሙሉም ያንን ያስባል።

ቅምሻ እንዴት እንደ መጣ ልጅ አዋቂው ያውቀዋል። ትኩሳቱ በየክረምቱ መልኩን እየለወጠ መምጣት ሲጀምር ክትባቱም በየክረምቱ አዲስ ሆነ። አሁንማ የአንዱ መርፌ ቦታ ሳይሽር ሌላው ይደርሳል። "ማን ሞክሮት ነው?" የማይል አልነበረም። ወረቀት ቢነበብለት፣ ዶክተር ቢምልለት፣ ሰዉ ወይ ፍንክች አለ። ጅል ነው ብሎ ማለፍም አይቻልም፤ አንድ ጊዜ እውነትም የብዙ ሰው ጣት ደንዝዞ ክትባቱ ተሰብስቦ ተመልሷል። እባብ ያየ በልጥ በረየ።

በመጨረሻ እድሮች የራሳቸውን መላ መቱ። የድሮ ጠጅ አሳላፊ መዳፉ ላይ ጠብ አድርጎ ሳይቀምስ ለጌታው አያቀርብም ነበር። እንግዲያው ክትባቱንም ከሰፈሩ አንድ ሰው ይቅመሰው፤ ሁላችንም እያየነው ይክረም፤ ደህና ከወጣ እንወጋለን አሉ። መንግሥትም የሚለው ቢያጣ ነገሩን ሕግ አደረገው፣ መስታወቱንም አስገጠመ።

አርሴማ መጀመሪያ የገባችው ዕጣ ወጥቶባት ነው፤ ደህና ወጣች። በሚቀጥለው ዙር ዕጣው ለሌላ ሰው ሲወጣ ጠባሴ አጉረመረመ። "የሷን ገላ ለምደነዋል፤ የሌላውን በምን እናውቃለን?" አለ። ከዚያ ወዲህ ዕጣ የሚባል ነገር ቀረ። ቤቷ የምትከርምበት ጊዜ እያጠረ፣ መስታወት ውስጥ የምትከርምበት እየረዘመ ሄደ። ያለፈው ጊዜ የጠሯት ገና ሻንጣዋን ፈትታ ሳትጨርስ ነው። ምንተስኖት ያን ቀን በሩ ላይ ቆሞ "እምቢ በያቸው" ብሏት ነበር።

"ታች ሰፈርን ረሳኸው?" አለችው።

ታች ሰፈርን ማን ይረሳል። የዚያ ሰፈር ቀማሽ ደግ፣ ጸሎተኛ ሰው ነበር። ጾመ ነነዌ ሲገባ ሰው እንዳይደነግጥ ብሎ የበላ እየመሰለ፣ ምግቡን ከመጋረጃው ጀርባ እየደፋ፣ ውሃ እንኳ ሳይቀምስ ጾመ። ከዚያ በጠራራ ፀሐይ፣ ሰፈር ሁሉ እያየው፣ ዘፍ ብሎ ወደቀ። "ጾሜን ነው!" ቢል ማን ይስማው? ያ ሁሉ ሰልፍ እጅጌውን ወደ ታች ስቦ ቤቱ ገባ። ክረምቱ ሲመጣ ትኩሳቱ ታች ሰፈርን ክፍት በር አድርጎ አገኘው፤ ሰዎች ትንንሽ የሬሳ ሣጥን ተሸክመው በአደባባዩ ሲያልፉ ምንተስኖት አውቶቡሱ ውስጥ ተቀምጦ አይቷል።

ከዚያ ወዲህ ሰዉ ሐኪም ያልጻፋቸው የራሱ ምልክቶች አሉት። ወጥ መተው ምልክት ነው። ቀን መተኛት ምልክት ነው። አብዝቶ መሳቅም ያሳስባል። ከሁሉ የከፋው ግን ማልቀስ ነው።

ምንተስኖት ከሥራ ሲወጣ በቀጥታ ወደ መስታወቱ ይሄዳል። ባልና ሚስቱ የሚነጋገሩት በድምፅ ማጉያ ስለሆነ የሚሉትን አደባባይ ሁሉ ይሰማዋል። ጎረቤቱ በርጩማውን ይዞ ይመጣል፤ ሴቶቹ ጥልፋቸውን ይዘው ይቀመጣሉ፤ ሽማግሌዎቹ መነጽራቸውን ይወለውላሉ።

"እንደምን ዋልሽ?"

"ደህና። አንተስ በላህ?"

"በላሁ።"

"ምን?"

"ምስር ነው!" ትላለች ግድግዳ የምትጋራቸው እትዬ ቤዛዊት ከኋላ፣ "ሲያሳርረው እኔ ቤት ድረስ ሸቶኛል!" አደባባዩ ይስቃል፤ አርሴማም በልክ ትስቃለች።

አንድ ጊዜ ብቻ "ናፍቀሽኛል" ብሏት ያውቃል። ቃሉ ከአፉ ሲወጣ ዓይኗ እርጥብ አለ፤ በርጩማው ሁሉ ተንኳኳ፣ ሰዉ ብድግ ብሎ ወደ መስታወቱ ተጠጋ። ደግነቱ ገበታው ላይ የተከተፈ ሽንኩርት ነበር። "ይኼ የዘንድሮ ሽንኩርት!" አለች አርሴማ ዓይኗን በክንዷ እየጠረገች፣ ሰዉም ቀስ በቀስ ተመልሶ ተቀመጠ። ከዚያ ወዲያ ምንተስኖት ቃሉን ዋጠው። "ዛሬስ ብርዱ አይጣል ነው" ይላታል። "ደርበህ ልበስ" ትለዋለች። በቃ፣ ይኸው ነው ፍቅራቸው። ሲመለስ ግን አልጋው ላይ የሷን ቦታ ትቶ ጥግ ይዞ ይተኛል። ሰው ሚስቱ እያለች፣ በየቀኑ እያያት፣ እንዲህ ይናፍቃል ብሎ ማን ያምናል?

ቤት ውስጥ አብረውት የሚኖሩት አማቱ ናቸው፣ የአርሴማ እናት እማማ ሶልያና። ዓይናቸው ከጠፋ ቆይቷል፤ ጆሯቸውም ጠጋ ብለው ካልጮኹበት አይሰማም። አልጋ ላይ ከዋሉ ወዲህ የሚያበላቸው፣ የሚያገላብጣቸው፣ አንሶላቸውን በዚያ በቀዝቃዛው የደብረ ብርሃን ውሃ የሚያጥብላቸው ምንተስኖት ነው። ሴቶቹ "እኛ እናጥባለን" ብለውት ነበር። እሱ ግን አርሴማ ብትኖር የምትሠራውን ሥራ ሲሠራ እሷ ያለች ያህል ስለሚሰማው እምቢ አለ።

ሰኔ ገብቶ ዝናቡ ጠና ሲል እማማ ሶልያና አንድ ጠዋት አረፉ። ዕድሜ ነው እንጂ ሌላ ምንም አልነበረም። በመጨረሻ የተናገሩትን ቃል የሰማው እሱ ብቻ ነው፣ ለማንም አልተናገረም። ያ ቃል የአርሴማ ነው። አንድ ቀን ቤቷ ትገባለች፤ በር ይዘጋል፤ ጎረቤት የለም፣ ድምፅ ማጉያ የለም፤ ያኔ ይነግራታል። በዚህ ሁሉ ወራት ሰው ያልሰማው፣ የሁለታቸው ብቻ የሆነ ነገር ያለው ያ ብቻ ነው።

አስከሬኑ ሳይወጣ የእድሩ ዳኛ አባባ ናትናኤል ሽማግሌዎቹን ይዘው ገቡ።

"አሁን ብትሰማ ታለቅሳለች" አሉ።

"እናቷ አይደሉም እንዴ፣ አባባ? ታልቅስ እንጂ!"

"ታልቅስ፤ ማን ይከለክላታል? ግን ከወጣች በኋላ። ትኩሳቱ እዚህ ቅርባችን ሸኖ ደርሷል፣ ልጄ። ዛሬ እንባዋን ያየ እናቷን ነው ብሎ አይመለስም፤ መርፌው ነው ይላል። ታች ሰፈርን አይተሃል።"

"እናቷን ልትቀብር አይገባትም?"

"ይገባታል" አሉ አባባ ናትናኤል። "ይገባታል፣ ግን አትችልም። ውጭ አገር ሄዶ ለሚማር ልጅስ መርዶ እንሰውር የለም?"

ምንተስኖት ያውቃል፤ የእሳቸውም የልጅ ልጅ ገና ትድኻለች።

እንዲህ ሆነና ጠባሴ በሙሉ መደበቅ ጀመረ። ድንኳኑ ከአደባባዩ በማይታይ ጓሮ ተተከለ። ሬሳው በጀርባ በር ወጣ። ለቅሶ የሚመጡት ሴቶች ማዕዘኑ ጋ ሲደርሱ ነጠላቸውን ያዘቀዝቃሉ፣ ሲመለሱ መልሰው ያቀናሉ፤ ፊታቸውን ጠራርገው በአርሴማ ፊት ፈገግ ብለው ያልፋሉ። ምንተስኖት ሐዘንተኛ ሆኖ ሳለ በየጠዋቱ ጢሙን እንዲላጭ ተነገረው። መስታወት ፊት ቆሞ ምላጩን ባነሣ ቁጥር ያቺን ያስታመማትን አሮጊት የሚክዳት ይመስለዋል። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው፤ ሰፈር ያወቀውን ሞት የሞተባት ብቻ አታውቅም።

"እማዬ ዛሬ ምን በላች?" ትለዋለች ከመስታወቱ ማዶ።

"ገንፎ። ጥሩ አድርገው በሉ።"

ውሸቱን እሱ ብቻውን ቢይዘው ደህና ነበር። ሰዉ ግን ለደግነት መች ልክ ያውቃል? "እኔም ዘይቻቸው ነበር፣ ሲስቁ ሲጫወቱ!" አለች አንዷ። ሌላዋ ሰላምታ ይዛ መጣች። በኋላ እትዬ ቤዛዊት፣ እግዜር ይስጣት፣ ሁሉን አስከነዳችው፤ "ቅዳሜ ቤተ ክርስቲያን አግኝቻቸው 'አርሴማዬን ሳሚልኝ' ብለውኛል" ብላ ቁጭ!

አልጋቸው ላይ ከዋሉ ዓመት ያለፋቸው ዓይነ ስውር አሮጊት ቤተ ክርስቲያን ተገኙ። የተናገረችውን ራሷ ቤዛዊት እንኳ ልብ አላለችውም። ምንተስኖት ግን ወደ ሚስቱ ለማየት ፈራ።

አርሴማ እንጀራዋን እየጎረሰች ነበር። ጉርሻው አፏ ጋ ሳይደርስ ቆመ፤ ከዚያ ገባ፤ አኘከችው፣ ዋጠችው። ውሃ ጠጣች። "ሳሚልኝ እሷንም" አለች ለቤዛዊት። ግድግዳው ላይ ያለው የልብ ምቷን የሚያሳይ ሰሌዳ ትንሽ ከፍ ብሎ ወረደ። አንድ ሽማግሌ "ምን ሆነ?" ሲሉ "ቃሪያ ነው፣ አባባ" አለቻቸው።

ቀጥሎ ወደ ምንተስኖት ዞረች። ፊቷን በጣም አቅርባ ስላየችው ትንፋሿ መስታወቱን ጋረደው።

"አንተ፣ ጢምህን ለምንድን ነው በየቀኑ የምትላጨው?"

"እ?"

"ተወው ይደግ። ያምርብሃል።"

አደባባዩ በሳቅ ፈረሰ። "ዕድሜ ለሚስት!" አሉት ወንዶቹ። እሱም አብሮ ሳቀ፣ መሳቅ ነበረበት። አወቀች ማለት ነው። አውቃ፣ እሱ በደንብ እንዲያለቅስ፣ ለእናቷ የሚገባውን እንዲያደርግ ፈቀደችለት፤ ለራሷ ግን አልፈቀደችም። ቤቱ እስኪደርስ እንደምንም ቻለና በሩን ዘግቶ ሲያለቅስ አመሸ። ለማን እንደሚያለቅስ ራሱም አልለየውም።

ከዚያ ቀን ወዲያ ስለ እናቷ አልጠየቀችም። የቀረበላትን ሁሉ በላች፣ ወለሉን ጠረገች፣ በልክ ሳቀች። ጢሙ እያደገ ሲሄድ አየችው፤ አንዳንድ ጊዜ እጇን አንሥታ በመስታወቱ ላይ፣ ጢሙ ባለበት ቦታ ላይ ታሳርፋለች። ሰዉ "ጉድ ነው የነዚህ ፍቅር" ይላል።

የመውጫዋ ቀን ደረሰ። የቅምሻ ቤቱ ነርስ ሲስተር ኬብሮን ከጠዋቱ መርምራ ጨረሰችና በድምፅ ማጉያው "ቀማሻችን ደህና ናት፣ ምንም የተገኘባት ነገር የለም" አለች። አደባባዩን የከበበው ሰልፍ አጨበጨበ። እጅጌ ወደ ላይ ተጠቀለለ፤ እናቶች የልጆቻቸውን ክንድ ገለጡ። ትኩሳቱ በዚያ ሳምንት ከተማዋ ጫፍ መድረሱ ተሰምቷል።

ሆኖም አባባ ናትናኤል እናቷ የሌሉበት ቤት ሳታውቅ ብትገባ ነውርም ኃጢአትም ነው ብለው ወስነዋል። መርዶ በማለዳ ነው፣ ማለዳውም እሱ ነው። የመስታወቱ በር ሲከፈት ሽማግሌዎቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ቆመው ነበር። ሴቶቹ እንዳትወድቅ ሊይዟት በግራ በቀኝ ተዘጋጅተዋል።

"አርሴማ ልጄ" አሉ አባባ ናትናኤል፣ "እናትሽ አርፈዋል። በወጉ ቀብረናቸዋል። እኛን ይቅር በይን፣ አንቺን እግዜር ያጥናሽ።"

ሰዉ ጩኸቷን ጠበቀ።

አርሴማ ቆማለች። አንድ ጊዜ ዓይኗን ጨፈነችና ገለጠችው። "ነፍስ ይማር" አለች። "ለቀብሩ የደከማችሁ ሁሉ፣ እግዜር ይስጥልኝ።"

ማልቀስ አልፈለገችም ማለት አይደለም። ፊቷ ሲጨነቅ ምንተስኖት አይቷል። ያን ሁሉ ቀን ጥርሷን ነክሳ የዘጋችው ነገር፣ አሁን ክፈቺ ሲሏት አልከፈት አላት። ይኼ በማንም ላይ ይደርሳል፤ ሐዘን የሚያውቅ ሰው ያውቀዋል። ጠባሴም ሌላ ቀን ቢሆን ያውቀው ነበር።

"አላለቀሰችም" አለ አንድ ሰው።

"የገዛ እናቷን?"

"አንጀቷን አደረቀው ማለት ነው። እንባ የሚያደርቅ መርፌ!"

አንዲት እናት የልጇን እጅጌ ወደ ታች ሳበች፤ አጠገቧ ያለችውም እሷን አይታ ሳበች። ሰልፉ መሳሳት ጀመረ። ሲስተር ኬብሮን "እባካችሁ፣ ደህና ናት!" ብትል ማንም አልዞረም። "ትመለስና ትታይ!" አለ አንዱ ከኋላ፤ "እስክታለቅስ ትታይ!" አባባ ናትናኤል እንደሚለምን ሰው ተጠጓት። "ልጄ፣ ለናትሽ እኮ ነው። ትንሽ እንኳ…"

ምንተስኖት "አውቃ ነበር!" ብሎ ሊጮህ አፉን ከፈተና መልሶ ገጠመው። አውቃ ለእኛ ስትል ደብቃን ከነበረ፣ ሌላስ ምን ደብቃናለች ይላሉ፤ ሕመም፣ ራስ ምታት፣ ደም፣ ምኑን እናምናለን ይላሉ። ያኔ ዛሬ ብቻ ሳይሆን እስከ ዛሬ የቀመሰችው ሁሉ ዋጋ ያጣል። ዝም ቢልስ? በሩ እንደገና ይዘጋባታል፣ ልጆቹም እንዲሁ ክንዳቸው ተሸፍኖ ይበተናሉ። አንድ ነገር ብቻ ነበረው። ጠጋ አላት። ድምፅ ማጉያው ከራስጌያቸው ገና እንደ በራ ነው።

"እማማ ያረፉ ዕለት ጠርተውሽ ነበር" አላት።

አርሴማ ምን ሊያደርግ እንደሆነ ገባት። "ተው" አለችው ቀስ ብላ። "ቤት ትነግረኛለህ።"

"ቤት እስክንደርስ ሰው አይቀርም።"

"ተው፣ ምንተስኖት። እሱን እንኳ ለኛ ተውልን።"

ወደ ሰልፉ አየ። እሷም አየች። አንድ ሕፃን በእናቱ ጀርባ ታዝሎ፣ የተገለጠች ክንዱን እያወዛወዘ ርቆ ይሄዳል። አርሴማ መልሳ ባሏን አየችው፣ ሌላ ቃል አልተናገረችም።

"እጄን ያዙ" አለ ምንተስኖት፤ ድምፁ ከራስጌያቸው እያስተጋባ አደባባዩን ሞላው። "አንቺን መስዬአቸው ነው። 'መጣሽ?' አሉኝ። ምን ልበል? 'አዎ፣ መጣሁ' አልኳቸው በጆሯቸው። መዳፌን እንዲህ እንዲህ እያደረጉ ዳበሱት። ከዚያ 'እጅሽ እንዴት ሻከረ፣ ልጄ' አሉኝ። 'እዚያ ቤት ምን ያሠሩሻል?' ብለው አለቀሱልሽ። ጣቶቼን አንድ በአንድ ሳሟቸው። በዚያው አረፉ።"

አርሴማ ሴቶቹ ሊይዟት ቢሞክሩም ከእጃቸው ሾልካ መሬት ወረደች፣ "እማዬ!" የሚለው ጩኸቷም ከአደባባዩ አልፎ ገበያው ድረስ ተሰማ። ወራት ሙሉ የታፈነው ሁሉ በአንድ ጊዜ መጣ።

"ተመስገን!" አለ አንድ ሰው። "አለቀሰች! አለቀሰች!"

አንዲት ሴት ደስታዋን መቆጣጠር አቅቷት እልልታ ጀመረችና አፏን በመዳፏ ያዘች። ወደ ቤቱ የጀመረው ሁሉ ተመለሰ። እጅጌ እንደገና ተጠቀለለ። ሰዉ እያለቀሰ ተሰለፈ፣ የእውነቱን ነው ያለቀሰው፤ እማማ ሶልያናን ሁሉም ይወዳቸው ነበር። የተወጉት ሴቶች ጥጡን በክንዳቸው እንደ ያዙ እየመጡ አጠገቧ ተቀምጠው ደረታቸውን ይመታሉ። እትዬ ቤዛዊት ከሁሉ ይበልጥ ጮኸች።

ምንተስኖት ከሚስቱ ጎን መሬት ላይ ተቀመጠ። ልጆቹ ሲወጉ እየጮኹ ነው፤ ያ ጩኸት ደስ ይላል፣ ደስ እንደሚልም ያውቃል። ግን ዘርፎ የሰጠ ሰው ሆኖ ተሰማው። ቤት ገብተው በሩን ሲዘጉ የሚነግራት አንድም ነገር አልቀረውም፤ የነበረውን ሁሉ አደባባይ ሰምቶታል።

"ይቅር በይኝ" አላት።

አርሴማ እጁን ፈልጋ ያዘችው። መዳፉን ገልብጣ፣ ዓይኗን ጨፍና፣ በጣቶቿ ጫፍ ቀስ እያለች ከአውራ ጣቱ እስከ ትንሿ ጣቱ ዳበሰችው።

"እውነትም ሻክሯል" አለች።

መሬት ላይ ለተቀመጡት ለእነሱ ድምፅ ማጉያው ሩቅ ነበር፣ ሰዉም በራሱ ለቅሶ ተይዟል። ያቺን ቃል ከእሱ በቀር ማንም አልሰማትም።